ተኝቶ መዋልም ሥራ ነው

ሐዋሳ ላይ በጠዋት የሚሮጥ ሰው በዝቷል፤ ደስ ይላል። ሐይቁ ዳር ገና ሳይነጋ የባንክ ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ቦርጩን ማጥፋት የሚፈልገው ሁሉ ይወጣል። እኔም አንዱ ነኝ። ሶምሶማችንን ሮጠን፣ ፎቶ ተነስተን ወደየሥራችን። በመሀላችን ዞር ብለው ሳያዩን የሚያልፉ ልጆች አሉ። እነሱ የሚሮጡት ለእንጀራ ነው።

ብዙ ሰው ልዩነታችን ፍጥነት ብቻ ይመስለዋል። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ዕረፍት ነው። እኛ ግቢ አንድ ሯጭ ልጅ ተከራይቷል። ከልምምድ ሲመለስ በሶውን በጥብጦ ይጠጣል፣ ጫማውን ከነጭቃው በሩ ላይ ያቆማል፣ እግሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይጋደማል። እስከ ከሰዓቱ ልምምድ ንቅንቅ የለም። ጎረቤት «ይሄ ልጅ ሥራው ተኝቶ መዋል ነው እንዴ?» ይላል። አዎ፣ ሥራው ነው! ሰውነት የሚጠነክረው እየሮጠ ሳይሆን ከሩጫ በኋላ፣ በምግብና በእንቅልፍ ነው። እኔ ግን ሮጬ ስመለስ ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ ነው የምውለው፤ እንደሱ ልለማመድ ብል ሳምንት ሳይሞላኝ እወድቃለሁ።

ድሮ ኦሊምፒክ ላይ በስፖርት ገንዘብ ማግኘት ክልክል ነበር። አሜሪካዊው ጂም ቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1912 ስቶክሆልም ላይ ሁለት ወርቅ ወስዶ፣ ቀደም ሲል ቤዝቦል ተጫውቶ ትንሽ ገንዘብ ስለተከፈለው ብቻ ተነጠቀ። የእኛው አበበ ቢቂላም በወረቀት አማተር፣ ማለትም በስፖርቱ የማይከፈለው ሰው ነበር፤ ደሞዙ የክብር ዘበኛ ወታደር ደሞዝ ነው። ግን ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በፕሮግራም እያሠለጠነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2:15:16 የገባን ሰው እንዴት አማተር እለዋለሁ?

አንጀቴን የሚበሉኝ መሀል ላይ ያሉት ናቸው። የግቢያችን ልጅ ክለብ የለውም። ክለብ ቢገባ ወር ጠብቆ ደሞዝ ይቀበላል፣ ማናጀር ቢያገኝ ውጪ ወጥቶ ይወዳደራል። አሁን ግን ልምምዱ የፕሮፌሽናል ሆኖ ኪራዩን የሚከፍለው ገጠር ያለው ወንድሙ ነው። እኔ ጉልበቴን ቢያመኝ ሁለት ሳምንት አርፌ እመለሳለሁ፣ የሚቀርብኝ የለም። እሱ ጅማቱን ቢያመው የዓመት ልፋቱ ገደል ገባ ማለት ነው።

ይህንኑ ለአከራያችን ለእትዬ ነገርኳቸውና ኪራዩን ትንሽ እንዲታገሱት ለመንኳቸው። እስከ ፋሲካ እታገሠዋለሁ ብለዋል።