ዱክ ዳኦስታ ደግ ነበር?

አጎቴ ስለ ጣሊያን ዘመን ሲያወሩ እንደራሴዎቹን በሁለት ቃል ነው የሚጨርሷቸው። ግራዚያኒ አውሬ፣ ዱክ ዳኦስታ ጨዋ። ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ይህንኑ ሲደግሙት አላስችል አለኝና ተከራከርኳቸው። ክርክሩ አላለቀም። እኔም ሳምንቱን ስለ ሰውየው ሳነብ ከረምኩ።

መቼም ሕይወቱ ለወሬ ይመቻል። ስሙ አሜዴዮ ነው፤ የጣሊያን ንጉሥ የቅርብ ዘመድ። በ1898 እ.ኤ.አ. ቱሪን ተወለደ፣ እንግሊዝ አገር ተማረ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛ ክፍል ተዋጋ። ኋላ ሊቢያ በረሃ ከግመል ጦር ጋር ዘመተ፤ ከዚያም አብራሪ ሆነ። መሀል ላይ ደግሞ ኮንጎ ወርዶ ማንነቱን ደብቆ ሳሙና ፋብሪካ ተቀጥሯል። መስፍን፣ ሳሙና ፋብሪካ! ይቺን ሳነብ እኔም ሰውየውን ወደድ አደረግኩት፤ አልዋሽም።

ወደኛ የመጣው በ1930 ዓ.ም. ግራዚያኒን ተክቶ ነው። ከዚያ በፊት ምን እንደነበር እናውቃለን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ታረደች። ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ከእንዲህ ያለ ሰው ቀጥሎ የሚመጣ ገዥ ደግ ለመባል ብዙ መልፋት አለበት እንዴ? አለመግደሉ ብቻ ይበቃዋል።

ግን እሱንም አላሟላም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዘረት በሚባል ቦታ የአበበ አረጋይ ወገን የሆኑ አርበኞች ከነቤተሰባቸው ዋሻ ገብተው ነበር። ሴት አለ፣ ሕፃን አለ፣ ቁስለኛ አለ። የጣሊያን ጦር ዋሻው ውስጥ መርዝ ለቀቀባቸው። መተንፈስ አቅቷቸው ወጥተው እጅ የሰጡትን ወንዶች በመትረየስ ፈጃቸው። የዋሻው ታሪክ በጣሊያን ተመራማሪ አማካይነት ለዓለም የተሰማው ገና በ2006 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። እርግጥ ዱኩ መርዙን በገዛ እጁ አልረጨም። ግን ያኔ እንደራሴው ማን ነበር? ግራዚያኒ አገሩ ከገባ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ነጭና ጥቁርን የሚለየው የዘር ሕግም ቢሆን በእሱ ዘመን ጠበቀ እንጂ አልላላም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዝና ከየት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ ግማሹን የሠራለት ግራዚያኒ ነው፤ ሌላውን ግማሽ እንግሊዞች።

ትግራይ ውስጥ ያለውን የአላጌን ተራራ በአውቶቡስ ያለፈ ሰው ቦታውን አይረሳውም። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ መስኮት ከከፈትክ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከጎንህ ያለው ተሳፋሪ ወይ ይጸልያል ወይ ያስታውካል። ዱኩ አዲስ አበባን ለቆ የመሸገው እዚያ ተራራ ላይ ነው። ጣሊያኖች አላጌን በክፉ ነው የሚያውቁት፤ በ1888 ዓ.ም. ሻለቃ ቶዜሊ ከነጦሩ ያለቀው እዚያው ነው። በ1933 ግንቦት ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ከበበው፤ የራስ ሥዩም መንገሻ ሰዎችም አብረው ነበሩ። ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ዱኩ እጅ ሰጠ፤ ለእንግሊዝ።

አሰጣጡ ነው የሚገርመው። የጣሊያን ወታደሮች መሣሪያቸውን እንደያዙ በሰልፍ ወረዱ፣ የክብር ዘብ ቆሞላቸው አለፉ፣ ከዚያ መሣሪያቸውን አስቀመጡ። እንግሊዝ አገር የተማረ፣ እንግሊዝኛው የማያደናቅፈው ረጅም መስፍን! እንግሊዞች እንዴት አይወዱት? በዓመቱ፣ በየካቲት 1934፣ ናይሮቢ በምርኮ ሳለ ወባና የሳንባ ነቀርሳ ገደለው። ገና 43 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ኬንያ፣ ኒየሪ በሚገኘው የጣሊያኖች መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ከ600 በላይ ወታደሮች ጋር ነው። ወጣት ሆኖ፣ ተማርኮ፣ ታሞ የሞተን ሰው ማን ክፉ ያወራበታል።

የክብር ዘብ የቆመለት ሰው ስሙ በክብር ቀረ። የዘረቱን ሰው ግን ስለ እንደራሴው ጨዋነት የጠየቀው የለም።

ይህን ሁሉ ትናንት ለአጎቴ በስልክ ዘረገፍኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ አባቴን ግራዚያኒ አሰረው፤ በዱኩ ጊዜ ተፈታ። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ምን በል ነው የምትለኝ?» አሉ።

እኔም አያቴ ባይፈታ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። እሁድ ቡና ላይ እንቀጥላለን።