ሌሊት የሚበላ እከክ

የሚያሳክክ ነገር የወጣበት ሰው ብዙ ጊዜ ፋርማሲ ገብቶ ቤታሜታዞን የተባለውን ማሳከክ የሚያበርድ ቅባት ይገዛል። ቤታሜታዞን ለችፌ ይጠቅማል። የፈንገስ በሽታ የሆነው ጭርት ላይ ሲቀባ ግን ማሳከኩን ለጥቂት ቀን አብርዶ ፈንገሱን ያስፋፋዋል፤ ክብ ጠርዙም ስለሚደበዝዝ ኋላ ላይ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል። ለገላ ጭርት ክሎትሪማዞል የተባለ የፈንገስ ቅባት በቀን 2 ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል። የራስ ጭርት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል።

እከክ ግን ሌላ ነው። በጮቄ ዙሪያና በሌላው የጎጃም ደጋ ብርዱ ስለሚጠና ልጆች በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ያድራሉ፤ በዓይን የማትታየው የእከክ ተባይ የምትዛመተውም ገላ ከገላ ሲነካካ ነው። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በእምብርት ዙሪያ ወጥቶ ሌሊት የሚብስ ከሆነ፣ ቤት ውስጥም ሌላ የሚያክ ካለ፣ እከክ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። የቆሻሻ ቤት ምልክት ስላልሆነ ማንም በይሉኝታ አይደብቀው።

መድኃኒቱ 5 በመቶ ፐርሜትሪን ቅባት ነው። ማታ ከአንገት እስከ እግር ጣት፣ ጥፍር ሥር ሳይቀር ተቀብቶ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆያል፣ ጠዋት ይታጠባል፤ በ7ኛው ቀን ይደገማል። በመሃል እጁን የታጠበ ሰው እጁን እንደገና ይቀባ። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን የድኝ ቅባት ይሻላል፤ መጠኑን ጤና ጣቢያ ይወስናል። ለእህል የሚረጭ ፀረ ተባይ በፍጹም ገላ ላይ አይደረግ፤ በቆዳ አልፎ ይመርዛል።

ሕክምናው የሚከሽፈው የሚያከው ሰው ብቻ ሲቀባ ነው። እከክ መጀመሪያ የያዘው ሰው ማከክ እስኪጀምር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስድበታል፤ ዛሬ ደህና የሚመስለው ወንድም የዳነውን መልሶ ይለክፈዋል። ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ሌሊት ይቀባ። አንሶላና ልብስ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ የማይቀቀለው ጋቢ በላስቲክ ታስሮ አንድ ሳምንት ይቀመጥ፣ ተባይዋ በብርድና በእርጥበት ትንሽ ትሰነብታለችና። ከዚህ በኋላ ማሳከኩ እስከ 4 ሳምንት ቢቆይ አትደንግጡ፣ ቅባቱንም በየቀኑ አትደጋግሙ።

መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም የልጁ ፊት አብጦ ሽንቱ ከጠቆረ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በቁስሉ የገባው ጀርም ኩላሊት ይጎዳል።