ስኬሊግ ማይክል ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ትኬት ስለያዛችሁ ብቻ አትተማመኑ

ስኬሊግ ማይክል ድሮ መነኮሳት የኖሩበት የአየርላንድ ደሴት ነው። ከጀርመን አየርላንድ ለመድረስ ብዙ ጣጣ የለውም። ቪዛውን ለብቻው አውጡ፤ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ እዚያ አያስገባም። መኪና ተከራዩ። የሚነዳው በግራ ነው፣ ጀልባው ወደሚነሳባት መንደር፣ ወደ ፖርትማጊ፣ የሚወስደው መንገድም ጠባብ ነው። ከፊት የሚመጣ ሹፌር ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ካነሳ ሰላም እያላችሁ ነው፤ እናንተም አንሱለት።

አሁን እስከ ዛሬ ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ።

ስኬሊግ ማይክል በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ ካለው የኬሪ አውራጃ ዳርቻ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከአትላንቲክ መሃል ቀጥ ብሎ የቆመ አለት ነው። ቁመቱ 218 ሜትር ነው። በቀን የሚወጡበት ሰዎች ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ትኬቱ ከወራት በፊት ያልቃል። እኔም ቀደም ብዬ ቆረጥኩ። የጀልባው ድርጅት «ጉዞው ከተሰረዘ በዋዜማው ማታ እንደውላለን» ብሎ ጻፈልኝ። ስልኬን እያየሁ አመሸሁ። ማንም አልደወለም።

ጠዋት ወደቡ ስደርስ ፀሐይ ወጥታለች፤ ውሃውም ጸጥ ብሏል። ጀልባው ጋ የቆመው ልጅ ግን «ዛሬ አንሄድም» አለን። በቃ፣ ይቺው ናት። «ለምን ማታ አልነገራችሁንም?» ስለው «ሞገዱን የምናየው ጠዋት ነው» አለኝ። ታዲያ እንደውላለን ብላችሁ ለምን ጻፋችሁ? አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት በማግስቱ ወደ አገራቸው የሚበሩ ነበሩ። ዝም ብለው ቦርሳቸውን አነሱ። እኔ በሳቸው ፈንታ ተቃጠልኩ። ወደ ሌላ ቀን አዛውሩኝ ብል ሁሉም ቀን ሞልቷል፤ ገንዘብሽን እንመልስልሻለን አሉኝ። እኔ የፈለግሁት ገንዘቡን አይደለም!

ካፒቴኑ አለመሄዱ ልክ ነበር። ደሴቲቱ ላይ ጀልባ የሚያርፍበት ደህና ወደብ የለም። ማዕበሉ ጀልባውን ከፍ ሲያደርገው ጠብቃችሁ ወደ ደረጃው ትሻገራላችሁ። ስለዚህ የሰማዩ መጥራት ምንም አይነግራችሁም፤ የሚወስነው ከሩቅ የሚመጣው ማዕበል ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ግን የለም።

ሁሉም ቀድማችሁ ቁረጡ ይላል። እኔ ደግሞ ለቆይታችሁ የመጀመሪያ ቀን ቁረጡ፣ የቀሩትን ቀናት ባዶ ተዉ እላለሁ። ከተሰረዘባችሁ በየጠዋቱ ወደቡ ላይ ቁሙ። የሚቀር ሰው አይጠፋም። እኔም የተሳፈርኩት እንደዚያ ነው።

እስከዚያው የኬሪ ገደሎችን እዩ፤ ከ300 ሜትር በላይ ናቸው። ማታ መጠጥ ቤት ግቡ። ሙዚቀኞቹ መድረክ የላቸውም፤ ጠረጴዛ ከበው ይጫወታሉ። አንድ ሽማግሌ ያለ መሣሪያ በአይሪሽ ቋንቋ ሲያዜሙ ቤቱ ጭጭ አለ። ጎናቸው የተቀመጠው ሰው እጃቸውን ይዞ በዜማው ልክ ቀስ እያደረገ ያዞረው ነበር። የቆየ ልማዳቸው ነው። ሰው ሲያዜም አታውሩ።

አለቱ ላይ 618 ደረጃ አለ። መደገፊያ የለውም፤ ሽንት ቤትም የለም። ላይ ስትደርሱ መነኮሳት ከ1,000 ዓመት በፊት ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ የካቡዋቸው፣ ቀፎ የመሰሉ ጎጆዎች ታገኛላችሁ። ውስጥ ገብቼ ግድግዳውን ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። የእነዚህ መነኮሳት ሥርዓት ምንጩ የግብፅ በረሃ፣ የአባ እንጦንስ መንገድ ነው። የእኛም ገዳማት የተቀዱት ከዚያው ነውና እንግዳ ቦታ የቆምኩ አልመሰለኝም። በመድረሴ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ጀልባዎቹ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ይሠራሉ። እናንተ ግን ከኦገስት በፊት ሂዱ፤ ፓፊን የሚባሉት ባለ ደማቅ ምንቃር ወፎች ከዚያ በኋላ ወደ ባሕር ይሄዳሉ።