በሐምሌ ሙቀት ቤት ፍለጋ፦ የላስ ቬጋስ ጉዞ ማስታወሻ

ላስ ቬጋስ ቤት ልፈልግ የሄድኩት በሐምሌ ወር ነው። ወዳጆቼ አየሩ እስኪቀዘቅዝ እንድጠብቅ ቢመክሩኝም፣ እዚያ ታክሲ እያሽከረከረ የሚኖረው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ቤቱን በሙቀቱ ካላዩት አላዩትም» ስላለኝ የእርሱን ቃል ተቀበልኩ። ዕድሜዬ 68 ነው። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርኩ ከ20 ዓመት በላይ በመኪና ማቆሚያ ሥራ ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሶሻል ሴኩሪቲ ከሚባለው የመንግሥት ጡረታ በወር የማገኘው 1,780 ዶላር ሲሆን፣ የቤት ኪራዩ ይህን ገንዘብ ሊጨርሰው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በዚያ ላይ ክረምት በመጣ ቁጥር ቁርጥማቱ ጉልበቴን ይይዘኛል። ብዙ ሰው ላስ ቬጋስ ያለችባትን ኔቫዳን የሚያሞግሳት የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር ስለሌላት ነው፤ ሜሪላንድም ግን ከሶሻል ሴኩሪቲ ግብር ስለማትቆርጥ ለእንደኔ ያለው ጡረተኛ በዚህ በኩል የሚገኝ ትርፍ የለም። የእኔ ተስፋ ኪራዩ ብቻ ነበር።

ያደግሁት ድሬዳዋ ስለሆነ ሙቀትን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሁለቱም ከተሞች የባቡር ልጆች ናቸው፤ ድሬዳዋ በ1902፣ ላስ ቬጋስ ደግሞ በ1905 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሐዲዱን ተከትለው ተቆረቆሩ። ነገር ግን በድሬዳዋው ሰፈር በከዚራ በዛፍ ጥላ ሥር እየተራመዱ ገበያ መድረስ ይቻላል፤ ላስ ቬጋስ ከኤርፖርቱ በር ስወጣ የተቀበለኝ አየር ግን ክዳኑ የተነሣ ምጣድ ላይ እንደ መጎንበስ ነበር። በዚህች ከተማ ሐምሌ 7 ቀን 2024 በፈረንጆች አቆጣጠር የተመዘገበው ሙቀት 120 ፋራናይት፣ ማለትም 49 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው።

መጀመሪያ ያየነው ቤት በዲኬተር ጎዳና አካባቢ፣ የእኛ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ከተሰበሰቡበት ሰፈር ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ነው። ባለ አንድ መኝታ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኪራዩ 1,050 ዶላር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስንገባ ንጹሕና ቀዝቃዛ ስለነበር እዚያው ልፈርም ዳድቶኝ ነበር። የእህቴ ልጅ ግን እጄን ይዞ አወጣኝና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልሶ ወሰደኝ። ያን ጊዜ በጠዋት ያላስተዋልኩትን አየሁ፤ በምዕራብ በኩል ያሉት መስኮቶች ግማሽ ያህሉ ከውስጥ በኩሽና ፎይል ተሸፍነዋል። የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በመዳፌ ስነካው እንጀራ የወጣለት ምጣድ ያህል ይሞቃል፤ ማቀዝቀዣው ያለ እረፍት ይጮኻል። በደረጃው ላይ ያገኘናት ተከራይ በበጋ የመብራት ሂሳቧ ከ200 ዶላር እንደሚያልፍ ነገረችን። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው 1,050 የቤቱ ዋጋ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ የትኛውንም ቤት ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ለማየት እምቢ አልኩ፤ ገብቼም አስቀድሜ የምዕራቡን ግድግዳ እዳስሳለሁ፤ አንዳንድ አከራዮች በሁኔታዬ ሳይገረሙ አልቀሩም።

ሁለተኛው፣ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ብቻ የሚከራይ ሕንፃ ነበር። ጸጥታውን ወደድኩት፤ ግድግዳውም ፈተናውን አለፈ። የ60 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ ከከፈልኩ በኋላ ግን የተከራዩ ገቢ የኪራዩን ሦስት እጥፍ መሆን እንዳለበት ተነገረኝ፤ ኪራዩ 1,150 በመሆኑ 3,450 ዶላር ማሳየት ነበረብኝ። ክፍያው አይመለስም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህ ጥያቄ ከገንዘቡ መቅደም ነበረበት።

መንግሥት ለባለንብረቱ የግብር ቅናሽ ሰጥቶ ኪራዩን የሚወስንባቸው የአረጋውያን ሕንፃዎችም አሉ፤ ገቢ የሚጠየቀው እዚያ በተገላቢጦሽ ነው፣ ከጣሪያው ካለፉ አይገቡም። እኔ ከጣሪያው በታች ነበርኩ፤ ይሁንና ወረፋው ከዓመት በላይ እንደሚፈጅ ስለ ተነገረኝ ስሜን አስመዝግቤ ወጣሁ። ሴክሽን ኤይት የሚባለው የመንግሥት የኪራይ ድጎማ ተከራዩን ከገቢው 30 ከመቶ ገደማ ብቻ ስለሚያስከፍል ከሁሉ ይሻላል፤ መመዝገቢያው ግን የሚከፈተው አልፎ አልፎ ነውና የእርሱን ቀን ጠብቆ ከተማ መቀየር አይቻልም። ኢንተርኔት ላይ በ700 ዶላር የወጣ የሚያምር ቤትም አይተን ነበር፤ «ባለቤቱ» ውጭ አገር ስለሆነ ቁልፉ የሚላከው ቅድሚያ ክፍያ ሲገባ ነው ተባልን። አድራሻው ድረስ ብንሄድ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ይኖርበታል።

የተከራየሁትን ቤት ያገኘሁት እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከአንዲት እናት ነው። ስምንት ቤቶች ብቻ ያሉት፣ ባለቤቱ ራሱ የሚያስተዳድረው ግቢ ነው፤ ምድር ቤት፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን፣ ኪራዩ 980 ዶላር። የምዕራቡን ግድግዳ የጎረቤት ቤት ስለሚጋርደው በዘጠኝ ሰዓት ስዳስሰው ቀዝቃዛ ነበር። ጎረቤቱ አዛውንት ስልካቸውን ከፍተው የሐምሌን የመብራት ሂሳብ አሳዩኝ፤ 94 ዶላር። ገቢዬ ሦስት እጥፍ ባይሞላም፣ ባለቤቱ የባንክ ቁጠባዬን አይቶ የሁለት ወር ኪራይ በመያዣነት ተቀበለኝ። ይህን ሳይ ከትልልቅ ሕንፃዎች ይልቅ ባለቤቱ ፊት ለፊት የሚገኝበትን ቤት መፈለግ ለጡረተኛ እንደሚበጅ አመንኩ፤ ኮምፒዩተር ቁጥር ያነባል እንጂ ሰው አይሰማም።

ከመፈረሜ በፊት ስለ ማቀዝቀዣው ጠየቅሁ። በኔቫዳ ሕግ ማቀዝቀዣ እንደ ውኃና መብራት ከአስፈላጊ አገልግሎቶች ይቆጠራል፤ ከተበላሸ ተከራዩ በጽሑፍ ባሳወቀ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በዓላት ሳይቆጠሩ፣ አከራዩ መፍትሔ መጀመር አለበት። እነዚያ የማይቆጠሩት ቀናት አሳስበውኝ የእህቴ ልጅ ቤት ፍራሽ እንዲቀመጥልኝ ተነጋገርን። የአውቶቡስ ፌርማታው 200 እርምጃ ያህል ይርቃል፤ ጥላ ስለሌለው ግን በበጋ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ እንደማልጠቀምበት ከወዲሁ አውቄዋለሁ።

የተወለድኩት በ24ኛው ቀን ስለሆነ ሶሻል ሴኩሪቲዬ የሚገባው በየወሩ በአራተኛው ረቡዕ ነው፤ ኪራዩ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ሲጠየቅ ገንዘቡ እጄ ላይ ይኖራል። ወደ ኤርፖርት የተነሣነው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ የታክሲው መለኪያ አሁንም 99 ፋራናይት ያሳይ ነበር። የእህቴ ልጅ ንፋስ እንዲገባ መስኮቱን ዝቅ ሊያደርግ ሲል «ተወው፣ ዝጋው» አልኩት።