ቴስቱ ያለፈው በየትኛው ላይብረሪ ነው?

ኦፕንኤስኤስኤልን (የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥረውን ሶፍትዌር) ከምንጭ ኮዱ ተነስቶ ኮምፓይል ያደረገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሜክ ቴስት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያልፋል፤ ሜክ ኢንስቶልም ያለ አንዳች ቅሬታ ያልቃል። ከዚያ የተጫነው ፕሮግራም ሲጠራ "ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.3ን መክፈት አልተቻለም፤ እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም" ብሎ ይቆማል። ፋይሉ ደግሞ አለ፤ ዲስኩ ላይ በዓይን ይታያል።

(ትእዛዞቹና የፋይል ስሞቹ እዚህ እንደምንጠራቸው በፊደላችን ተጽፈዋል፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ነው የሚገቡት።)

ቴስቱ አልዋሸም። ሜክ ቴስት ፕሮግራሙን በቀጥታ አያስነሳውም፤ ዩቲል በሚባለው ፎልደር ውስጥ ባለ መጠቅለያ ስክሪፕት በኩል ነው የሚጠራው። ስክሪፕቱ አዲሶቹ ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው የኮድ ፋይሎች) ያሉበትን ፎልደር ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ በሚባል ተለዋዋጭ ያሳውቃል። ከተጫነ በኋላ ግን ይህን የሚነግርለት የለም።

ነገሩ የሚገባው ሊንከርንና ሎደርን ለይቶ ላየ ሰው ነው። ሊንከሩ (ኮዱን ከላይብረሪው ጋር የሚያገናኘው) ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሲደረግ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ውስጥ የሚጽፈውም የላይብረሪውን አድራሻ ሳይሆን ስሙን ብቻ ነው፤ ኤስኦኔም የሚባለውን። የኦፕንኤስኤስኤል 3 ተከታታይ ቨርዥኖች 3.0ም ሆኑ 3.3 ስማቸው አንድ ነው፦ ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.3 እና ሊብክሪፕቶ.ኤስኦ.3። ሞክሼዎች ናቸው። ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ሎደሩ (ላይብረሪዎቹን ፈልጎ የሚጭነው) ያንን ስም ይዞ በየፎልደሩ ይዞራል፤ መጀመሪያ ያገኘውን ሞክሼ ይዞ ይመለሳል። ኮምፓይል ስታደርጉ በ-ኤል (ትልቁ ኤል) የሰጣችሁት ፎልደር የተነገረው ለሊንከሩ ነው፤ ሎደሩ አልሰማም።

የሎደሩ ዙረት ቅደም ተከተል አለው። አርፓዝና ራንፓዝ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚጻፉ የላይብረሪ ፎልደር አድራሻዎች ናቸው፤ አርፓዝ ተጽፎ ራንፓዝ ከሌለ መጀመሪያ እሱን ያያል። ቀጥሎ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝን፣ ከዚያ ራንፓዝን፣ ከዚያ ኤልዲኮንፊግ የሚባለው ትእዛዝ ያዘጋጀውን ካሽ (የላይብረሪዎች ዝርዝር)፣ መጨረሻ ላይ /ሊብንና /ዩዝር/ሊብን (ወይም ባለ 64ቶቹን) ይፈትሻል። ካሽ መሆኑን ልብ በሉ፤ በዴቢያንና በኡቡንቱ /ዩዝር/ሎካል/ሊብ ከሚታዩት ፎልደሮች መካከል ቢሆንም፣ አዲስ ፋይል ካስገባችሁ በኋላ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሱዶ ኤልዲኮንፊግ ካላላችሁ ካሹ ስለ አዲሱ ፋይል አያውቅም። በፌዶራና በሬድ ሃት በኩል ደግሞ ፎልደሩ ራሱ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ በ/ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ.ዲ ሥር አንድ ፋይል ፈጥሮ ማስገባት ያስፈልጋል።

ኦፕንኤስኤስኤል ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። በኢንቴልና በኤኤምዲ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ላይብረሪዎቹን የሚጭነው በ/ዩዝር/ሎካል/ሊብ ሳይሆን በ/ዩዝር/ሎካል/ሊብ64 ነው። ኡቡንቱ ይህን ፎልደር አያውቀውም። ስለዚህ ኤልዲኮንፊግን አሥር ጊዜ ብታስኬዱት ለውጥ የለም፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ይህ አንድ ስህተት በሦስት ቦታ የሚያሳየውን ሦስት ፊት ተመልከቱ። ኡቡንቱ 20.04 ላይ የሲስተሙ ኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 ስለሆነ ሞክሼ የለም፤ ሎደሩ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ፕሮግራሙም በ127 ኮድ ይሞታል። (የቴስት ስክሪፕታችሁ 127 ሲያይ "ትእዛዙ አልተገኘም" ብሎ ሊተረጉመው ይችላል፤ አትመኑት።) ኡቡንቱ 22.04 ላይ 3.3ን ሠርታችሁ ከሆነ ሎደሩ የሲስተሙን 3.0.2 ያገኛል፤ ግን ፕሮግራሙ የሚፈልገው ሲምቦል (የፈንክሽን ስም) እዚያ ስለሌለ "ኦፕንኤስኤስኤል_3.3.0 የሚባል ቨርዥን አልተገኘም" ይላል፤ የከፈተውንም ፋይል አድራሻ አብሮ ያወጣል። እነዚህ ሁለቱ ደህና ናቸው፤ ይጮኻሉ።

ሦስተኛው ግን ዝም ይላል። እዚያው 22.04 ላይ 3.0.13ን ሠርታችሁ ስታስነሱ ሁሉም ነገር ይሠራል። ሲምቦሎቹ ይገጣጠማሉ፣ ቴስታችሁ ያልፋል፣ ሪፖርቱም አረንጓዴ ይሆናል። የተፈተነው ግን የሲስተሙ አሮጌ ላይብረሪ ነው። የደህንነት ቀዳዳ የተደፈነበትን ቨርዥን ልትፈትኑ ተነስታችሁ ቀዳዳው ሊኖርበት የሚችል ሌላ ላይብረሪ አጸደቃችሁ ማለት ነው። ኦፕንኤስኤስኤል ለዚህ ደግ ነው፤ ኦፕንኤስኤስኤል ቨርዥን ስትሉት በአንድ መስመር ላይ የፕሮግራሙን ቨርዥን፣ በቅንፍ ውስጥ ደግሞ የተከፈተውን ላይብረሪ ቨርዥን ይጽፋል። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ ሞክሼው መጥቷል። ከርልም (ከኢንተርኔት ፋይል የሚያወርደው ፕሮግራም) በዳሽ ዳሽ ቨርዥን የመጀመሪያ መስመሩ ላይ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። አብዛኛው ሶፍትዌር ግን ይህ ደግነት የለውም።

ስለዚህ ማንኛውም ምርመራ የሚጀምረው "ለምን አልሠራም?" ከሚለው ሳይሆን "የትኛውን ፋይል ከፈተ?" ከሚለው ነው። ኤልዲዲ ፕሮግራሙን ተቀብሎ እያንዳንዱን ስምና የተገኘበትን አድራሻ ጎን ለጎን ይዘረዝራል። ከማታውቁት ቦታ የመጣ ፋይል ላይ ግን ኤልዲዲን አትጠቀሙ፤ ፋይሉን ሊያስነሳው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሪድኤልፍ -ዲ ይበቃል፤ የሚፈለጉትን ስሞች፣ አርፓዙንና ራንፓዙን ሳያስነሳ ያሳያል። ኤልዲዲ ሳይበቃ ሲቀር ከፕሮግራሙ ፊት ኤልዲ_ዲበግ=ሊብስ ጻፉ። ሎደሩ የረገጠውን ፎልደር ሁሉ በተራ ይናገራል፤ የትኛው ከካሽ፣ የትኛው ከራንፓዝ እንደመጣ ሳይቀር።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ፣ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ ለአንድ ትእዛዝ፣ በአንድ መስመር ላይ ከፊት ሲጻፍ ጥሩ መሣሪያ ነው። ባሽአርሲ (ሼሉ ሲከፈት የሚያነበው ፋይል) ውስጥ ገብቶ ለዘለቄታው ሲቀመጥ ግን ከዚያ ሼል የሚነሱ፣ ያንን ስም የሚጠሩ የሲስተሙ ፕሮግራሞች ሁሉ የእናንተን ያልተፈተነ ላይብረሪ መክፈት ይጀምራሉ። ሌላም አለ፦ "አዲሱ ፎልደር፣ ሁለት ነጥብ፣ የድሮው ዋጋ" ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ የድሮው ዋጋ ባዶ ከሆነ መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለችው ሁለት ነጥብ "አሁን ያለሁበት ፎልደር" የሚል ትርጉም አላት። ቴስቱ ከአንዱ ፎልደር ሲነሳ ሠርቶ ከሌላው ሲነሳ ካልሠራ መጀመሪያ እሷን ጠርጥሩ። በሱዶ ስታስነሱ ደግሞ ተለዋዋጩ ይጠፋል፤ ሱዶ ኤንቭ ብላችሁ ከዚያ በኋላ ጻፉት።

ለሚቆይ ነገር የተሻለው አድራሻውን ፕሮግራሙ ውስጥ መጻፍ ነው። ለኦፕንኤስኤስኤል ኮንፊገር ስታደርጉ ፕሪፊክሱን (የሚጫንበትን ፎልደር) /ኦፕት/ኤስኤስኤል3 አድርጉ፤ --ሊብዲር=ሊብ ጨምሩ፤ የ64ቱ ጣጣ እዚያው ያበቃል። ከዚያ '-ደብሊውኤል,-አርፓዝ,$(ሊብአርፓዝ)' የሚለውን በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ስጡት። ጥቅሱ ከተረሳ ሼሉ ቅንፉን እንደ ራሱ ትእዛዝ ሊያስኬደው ይሞክራል። የራሳችሁ ፕሮግራም ላይ $ኦሪጅንን (ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር) ስትጠቀሙም እንደዚሁ፤ ሜክፋይል ውስጥ ደግሞ የዶላር ምልክቱ ሁለት መሆን አለበት። የተጻፈውን በሪድኤልፍ አረጋግጡ፤ "ሪጅን" የሚል ቁራጭ ካያችሁ ሜክ ዶላሩን ከተከታዩ ፊደል ጋር በልቶታል።

እዚህ ላይ አዋቂዎችን ሳይቀር የሚያደናቅፍ ነገር አለ። የዛሬዎቹ ኡቡንቱና ዴቢያን አርፓዝ ስትሏቸው የሚጽፉት ራንፓዝን ነው፤ ራንፓዝ ደግሞ አይወረስም። ፕሮግራማችሁ ሊብኤስኤስኤልን ብቻ ጠርቶ ራንፓዙ /ኦፕትን ቢያሳይ አዲሱ ሊብኤስኤስኤል ይገኛል። ሊብክሪፕቶን የሚጠራው ግን ሊብኤስኤስኤል ነው፤ ሎደሩም የሚያየው የሊብኤስኤስኤልን ራንፓዝ እንጂ የፕሮግራሙን አይደለም። እሱ ከሌለው የሲስተሙ ሊብክሪፕቶ ይመጣል። አዲስ ሊብኤስኤስኤል ከአሮጌ ሊብክሪፕቶ ጋር ተጋባ ማለት ነው። መድኃኒቱ ላይብረሪው ራሱ ራንፓዝ እንዲኖረው ማድረግ ነው (ከተሠራ በኋላም ፓችኤልፍ --ሴት-አርፓዝ ይጽፍለታል)፤ ወይም በ--ዲስኤብል-ኒው-ዲታግስ የሚወረሰውን የድሮውን አርፓዝ መጻፍ።

የማይደረገውን በአጭሩ፦ አዲሱን ፋይል ወደ ሲስተሙ ላይብረሪ ፎልደር መቅዳት፣ ወይም ሊንክ መፍጠር። ያንን ስም የሚጠሩ የሲስተሙ ፕሮግራሞች ሁሉ ላይ ትደርሳላችሁ፤ ከሩቅ የምትገቡበት ሰርቨር ከሆነ ተመልሳችሁ ላትገቡም ትችላላችሁ።

ሲሜክ የሚባለውን የቢልድ መሣሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች ይህንኑ ችግር በሌላ መልክ ያገኙታል። ሲሜክ በቢልድ ፎልደሩ ውስጥ ላሉት ፕሮግራሞች አርፓዝ ይጽፍላቸዋል፤ ሲጫኑ ግን ያጠፋዋል። ሲሜክ_ኢንስቶል_አርፓዝ ካልተሰጠ "ቢልድ ውስጥ ይሠራል፣ ሲጫን አይሠራም" ይሆናል።

ኮምፓይል ተደርጎበት ከነበረው ማሽን ያነሰ ጂሊብሲ (የሲስተሙ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) ያለው ማሽን ላይ የሚደረግ ቴስት ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ኡቡንቱ 22.04 ጂሊብሲ 2.35 አለው፤ 20.04 ደግሞ 2.31። 22.04 ላይ የተሠራ "ሰላም ዓለም" እንኳ 20.04 ላይ "ጂሊብሲ_2.34 አልተገኘም" ይላል፤ ፕሮግራሙን የሚያስጀምረው ሲምቦል ራሱ በ2.34 አዲስ ቨርዥን ስለተሰጠው ነው። አርፓዝ፣ ኤልዲኮንፊግ፣ ምንም አያድነውም፤ ጂሊብሲን መቅዳትም መፍትሔ አይደለም። ልትደግፉት ባሰባችሁት እጅግ አሮጌ ሲስተም ላይ፣ ለምሳሌ በኮንቴይነር ውስጥ፣ ኮምፓይል አድርጉ።

ገና ሊንክ ሲደረግ "ያልተገለጸ ሲምቦል" ከመጣ መጀመሪያ ተራውን እዩ፦ ኦብጀክት ፋይሉ (ከኮዳችሁ ኮምፓይል የተደረገው) ይቅደም፣ ከዚያ -ኤልኤስኤስኤል፣ ከዚያ -ኤልክሪፕቶ። ጠሪው ከተጠሪው በፊት ነው።

የተጓደለ ሲምቦል ሁልጊዜ መነሻ ላይ አይታወቅም፤ ሎደሩ ፈንክሽኑ እስኪጠራ ድረስ ፍለጋውን ሊያዘገየው ይችላል። ቴስት ስታስኬዱ ኤልዲ_ባይንድ_ናው=1 አድርጉ፤ ሁሉም እዳ መጀመሪያ ላይ ይከፈላል። ከዚያ በቴስቱ ስክሪፕት አናት ላይ ኤልዲዲን ጠርታችሁ የሊብክሪፕቶ አድራሻ በ/ኦፕት/ኤስኤስኤል3 ካልጀመረ በስህተት ኮድ እንዲወጣ አድርጉ፤ ሁለት መስመር ነው። ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ የሚከፈቱ ፕለጊኖችን ግን ኤልዲዲ አያያቸውም። ለእነሱ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ /ፕሮክ ውስጥ በፕሮሰስ ቁጥሩ ፎልደር ያለውን ማፕስ የሚባል ፋይል ክፈቱ፤ ያን ሰዓት ሚሞሪ ላይ የተጫነው እያንዳንዱ ፋይል ከነሙሉ አድራሻው እዚያ ተጽፏል።