ለቤቱ ኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቭ ልግዛለት ወይስ ይቅር?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስለዚህ ሳስብ ዋልኩ። የቤታችን ኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቭ የለውም፣ ኬዙም ማስገቢያ ቦታ የለውም። ለፊልም ከሆነ አልገዛም፣ በፍላሽም በቴሌግራምም ይገኛል። የእህቴ ሰርግ ግን ያለው ዲቪዲ ላይ ብቻ ነው። መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ ደግሞ ነፍሷን ይማርና አያቴ ሙሽሮቹን ስትመርቅ ድምጿ ሳይቀር እዚያ ላይ አለ። ዲስኩን ብርሃን ላይ ገልብጬ ሳየው ጠርዙ አካባቢ ደብዘዝ ብሏል። ስቱዲዮ ውስጥ በርን የተደረገ ዲስክ መረጃውን የሚይዘው ስስ የቀለም ንጣፍ ላይ ስለሆነ ሙቀትና ፀሐይ እያደር ያበላሹታል፣ አንዴ ከሄደ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ስለዚህ ወሰንኩ፣ እገዛለሁ! በዩኤስቢ የሚሰካውን ነው የምወስደው። ኬዝ መፍታት የለ፣ ድራይቩን ከውስጥ የሚያገናኘውን የሳታ ገመድ ፍለጋ የለ፣ ላፕቶፕ ላይም ይሰራል። የተለመደው ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ነው፤ ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ላይ ከ10 በላይ ዲስክ ይገባል። አንድ ኮፒ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንድ ለእህቴ።

ነገ መርካቶ እወርዳለሁ። ጎረቤቶቼ፣ የሰርግም የክርስትናም ዲስክ ያላችሁ አምጡልኝ፣ አብሬ እገለብጥላችኋለሁ።