እሺ፣ እለፉ

ከጠዋት ጀምሮ አንድ ስሜት ይዞኛል። ፍርሃት እንዳልለው እጄ አይንቀጠቀጥም። ደስታ እንዳልለው ምግብ አላስበላ ብሎኛል። "ምን ሆነሻል?" ላለኝ ሁሉ "እንቅልፍ አልጠገብኩም" እያልኩ ዋልኩ። ውሸት አይደለም፣ ግን እውነቱም እሱ አይደለም።

ቅዳሜ ደረሰ። አዎ፣ ያ ነገር። ሳወራችሁ የከረምኩት የመኪና ውድድር ሜዳ።

ውድድር ግን አይደለም፤ የመንዳት ልምምድ ነው። ይህን ስንቴ እንደምናገር እንጃ። ሰዓት አይያዝም፣ ዋንጫ የለም፣ አንደኛ የሚወጣም የለም። ሰው ዘወትር ሥራ የሚሄድበትን መኪና ይዞ ይመጣል። አጠገቡ አሰልጣኝ ይቀመጣል። ከፊት የሚመጣ መኪና፣ የሚሻገር ሰው፣ መስቀለኛ መንገድ በሌለበት አስፋልት ላይ መኪናው እስከ ምን ድረስ እንደሚታጠፍና እንደሚቆም ያያል። ሃያ ደቂቃ ወይም ግማሽ ሰዓት ነድቶ ይወጣል። ያርፋል፣ ደግሞ ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እናቴ "የውድድር ሜዳ" ከሚለው በኋላ ያለውን አልሰማችም። ቅጹ ላይ "አደጋ ቢደርስ ለማን ይደወል?" የሚል ቦታ አለ። የእሷን ቁጥር ልጽፍ ጀምሬ ተውኩት። የማታውቀው ቁጥር ሲደውልላት ብቻ ልቧ ቀጥ የሚል ሴት ናት። የወንድሜን ጻፍኩ። እሱ ደግሞ ስልክ አያነሳም።

ዝግጅቱ አልቋል ማለት ይቻላል። አብዛኛው ስለ መቆም መሆኑ ገርሞኛል። መካኒኬ "ሞተሩን ልፈትሽልሽ?" ሲለኝ "ሞተሩን ተወው፣ ፍሬኑን እይልኝ" አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። እኔም ያነበብኩትን ሁሉ ላዩ ላይ ዘረገፍኩበት። ክብደቱ 1,500 ኪሎ የሆነ መኪና በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ወደ 80 ሲወርድ 1.9 ሜጋ ጁል ገደማ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ወደ ስድስት ሊትር የሚጠጋ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ አብዛኛው ከጎማው ጋር የሚዞረው ዲስክና እሱን የሚይዘው ሸራ ላይ ያርፋል። በሚቀጥለው ኩርባ እንደገና። በሚቀጥለው ዙር እንደገና።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የፍሬን ዘይቱ ነው። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ተፈጥሮው ነው። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይሠራል። አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል። ስለዚህ ፍሬኑን ትረግጣለህ፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን መንገዱን ይቀጥላል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀየር የትም አልሄድም አልኩ። መካኒኬም ቀየረው። የሸራውን ውፍረት አሳየኝ፣ የጎማ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በልካቸው አጠበቀ፣ ባትሪው እንደማይነቃነቅ በእጁ ገፍቶ አረጋገጠ። ሲጨርስ "እህቴ፣ ቀስ ብለሽ ንጂ" አለኝ።

ፍሬን ካነሳን አይቀር ይቺን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1953 ጃጓር ፈረንሳይ ውስጥ የሚካሄደውን የለ ማን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ሲያሸንፍ መኪናው ዲስክ ፍሬን ነበረው። ከተፎካካሪዎቹ አብዛኞቹ ገና በድሮው የታምቡር ፍሬን ነበሩ። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ ሌሎቹ ፍሬን ሲይዙ የጃጓሩ ሹፌር ገና ነዳጅ እየሰጠ ነው። አንዳንዴ የሚቀድመው ዘግይቶ የሚፈራው ነው።

የራስ ቁሩም ታሪክ አለው። ያ ሞተር ሳይክል የሚነዳው ጓደኛዬ (የምታውቁት፣ ዘወትር እጁ ወይ እግሩ በፋሻ የተጠቀለለው) የእሱን ሊያውሰኝ ነበር። አዘጋጆቹ አይሆንም አሉ። ውስጡ የተለጠፈው ምልክት ኤም ነው፤ የሞተር ሳይክል ማለት ነው። እነሱ የሚፈልጉት ኤስ ኤ የሚለውን ነው። ለመኪና የተሠራው ውስጡ እሳት እንዲቋቋም ሆኖ ነው፣ ከመኪናው ብረት ጋር ደጋግሞ ቢጋጭም እንዲችል ይፈተናል። መስፈርቱን የሚያወጣው ስኔል የሚባል ድርጅት ነው። ስኔል የሰው ስም ነው። ፒት ስኔል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1956 የመኪና ውድድር ላይ ጭንቅላቱ ተመትቶ ሞተ። ያደረገው ቁር አላዳነውም። በዓመቱ ጓደኞቹና አብረውት የሚነዱት ሰዎች በስሙ ድርጅቱን አቋቋሙ። አሁን ጆሮዬ አካባቢ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት የአንድ ሰው ሞት ናት ማለት ነው። ተከራይቼ ነው ያመጣሁት። ቤት ውስጥ አድርጌው እየዞርኩ ነበር። ሰው ቢያይ ምን ይል።

ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። ከመኪናው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር በሙሉ ይወጣል። ፖርቶባጋሊው ባዶ ይሆናል፣ የእግር ምንጣፍ ሳይቀር ይነሳል። ሱሪው ረጅም፣ ጥጥ ቢሆን ይመረጣል። ጫማው የተሸፈነና ሶሉ ቀጭን፣ እግር ፔዳሉን እንዲያውቀው። ወንበሩን ጠጋ ማድረግ፣ ትከሻ ከወንበሩ ሳይነሳ የእጅ አንጓ መሪው ላይ መድረስ አለበት። መኪናው ከተሽከረከረ ፍሪሲዮንና ፍሬን እስከ መጨረሻው። ከሜዳው ሲወጣ ደግሞ የእጅ ፍሬን አይያዝም፤ የጋለ ዲስክ ላይ ሸራ ተጣብቆ መቆየት የለበትም። በማርሽ ነው የሚቆመው። ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ። በእግሬ መያዜን ቅዳሜ እናያለን።

ከዚያ ባንዲራዎቹን ማጥናት ጀመርኩ። ቢጫ፦ ከፊት ችግር አለ፣ ደርቦ ማለፍ የለም። ቀይ፦ ቀስ ብሎ መቆም። ጥቁር፦ ወደ ፒት (ከሜዳው ዳር ወዳለው መቆሚያ) ግባ፣ የምንነጋገረው አለ። ሰማያዊ፦ ከኋላህ ካንተ የፈጠነ ሰው አለ፣ ስፖኪዮህን እይ፣ አሳልፈው።

ሰማያዊዋ ላይ ቀረሁ።

ለካ የጀማሪ ዋና ሥራ ማሳለፍ ነው። ደርቦ የማለፍ ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ፊት ያለው ሹፌር ካልፈቀደ ማንም አያልፍም። የሚፈቅደው በእጁ ነው። መስኮቱ ክፍት ነው፤ እጁን አውጥቶ በየትኛው በኩል ማለፍ እንዳለበት ይጠቁመዋል። ለአንድ መኪና አንድ ምልክት። ሦስት መኪና ከተከታተለ ሦስት ጊዜ። ለጀማሪዎች ደግሞ ቀጥታ መንገድ ላይ ብቻ ነው የሚፈቀደው። አንድ ነገር አሠምረውበታል፦ ምልክት ከሰጠህ በኋላ እግርህን ከነዳጁ ላይ ትንሽ አንሳ። ካላነሳህ እለፍ ያልከው ሰው ማለፍ አይችልም። በእጅህ እየጋበዝክ በእግርህ ትከለክለዋለህ።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ደግሜ ደግሜ አነበብኳት። በእጅ መጋበዝ፣ በእግር መከልከል።

አባዬ ትዝ አለኝ።

አባዬ ሲነዳ ሁሉም ይቀድመው ነበር። የጭነት መኪና ሳይቀር። እኔና ወንድሜ ከኋላ ሆነን እንጮሃለን። "አባዬ ቅደመው! አባዬ እየቀደመን ነው!" እሱ ገና ከሩቅ በስፖኪዮው ያየዋል። ወደ ዳር ጠጋ ይላል። ነዳጁን ያላላል። እጁን በመስኮት አውጥቶ በዝግታ ወደ ፊት ይጠቁመዋል፣ ልክ እንደዚህ ወረቀት ትእዛዝ። "ይሂድ፣ ጉዳይ ይኖረዋል" ይላል። ያለፈው ሰው ጥሩምባ ነፍቶ ካመሰገነው ደስ ይለዋል። እኛ ወደ ወንበሩ ውስጥ እንሰምጣለን። የክፍላችን ልጅ ያለበት መኪና ሲያልፈንማ አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን የማስር መስያለሁ።

መንገዱ ላይ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነበር። እሱ ሥራ ያስተማራቸው ልጆች አለቆቹ ሆኑ። ቤታችን እየመጡ "ጋሼ" እያሉ ያቅፉታል፣ እሱም ከልቡ ይስቃል። እናቴ ግን ሲወጡ ጠብቃ ዕቃ እያንኳኳች ታጥባለች። አንድ ቀን ያለችውን አልረሳውም። "አባትሽ ለሁሉ መንገድ ለቆ ለቆ፣ እሱ መንገድ ላይ ቀረ።"

ልጅ ሳለሁ እሷ ትክክል ነበረች። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። አባዬ የሚያሳልፈው ደግ ስለሆነ ነው? ወይስ መፎካከር ስለሚፈራ? ወይስ እውነት አይቸኩልም ነበር? ሰው ሁሉ የሆነ ቦታ ለመድረስ ሲጣደፍ እሱ መንዳቱን ብቻ ይወድ ይሆናል። ጠይቄው አላውቅም። ብጠይቀውም "ይሂዱ፣ ጉዳይ ይኖራቸዋል" ከማለት ሌላ የሚመልስ አይመስለኝም። አሁንማ የሚጠየቅ የለም።

እኔ በማን እንደወጣሁ ግን ታውቃላችሁ። ያቺን የመሥሪያ ቤታችንን ልጅ ታስታውሷታላችሁ አይደል? ስትቀጠር ኮምፒውተሩን የት እንደሚከፈት ያሳየኋት። አሁን ስብሰባ ላይ የምትቀመጠው በጠረጴዛው ራስ በኩል ነው። ሹመቷ የተነገረ ቀን ተነስቼ አጨበጨብኩ፣ አበባም አዋጥቻለሁ። እጄ ምልክቱን ሰጥቷል። እግሬ ነዳጁ ላይ ይሁን አይሁን ለእናንተም ለራሴም አልናገርም። እሷ ግን የኔን እጅ አልጠበቀችም። ከሜዳው ውጭ የሚጠብቅ የለም። አባዬ እጁን ባያወጣ ኖሮም እኮ ያ ሁሉ ሰው ያልፈው ነበር። ታዲያ ለምን ያወጣው ነበር? ምናልባት ከመቀደም ማሳለፍ ይሻላል ብሎ ይሆን? ሰው ሲቀድምህ ተሸነፍክ፤ ስታሳልፈው ግን ፈቀድክ። መኪናው የሚያልፈው ያው ነው።

ወይ ደግሞ እኔ ነኝ ነገር የማከርር። ሰውየው ለጭነት መኪና መንገድ ለቀቀ፣ አለቀ።

ብቻ አመሻሽ ላይ ወርጄ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። የቆመ መኪና ውስጥ። የራስ ቁሩን አደረግኩ፣ ቀበቶ አሰርኩ፣ መስኮቱን ከፈትኩ። ስፖኪዮውን አያለሁ፣ እጄን አወጣለሁ፣ በግራ እለፍ እላለሁ፣ እግሬን አነሳለሁ። ደግሞ እንደገና፣ በቀኝ። ለመልመድ ነው፤ ቀላል ይመስላል እንጂ በዚያ ፍጥነት አንድ እጅ ከመሪው ማንሳት ራሱ ልምምድ ይፈልጋል። የፎቁ ጎረቤታችን ዕቃ ተሸክመው እያለፉ ነበር። ሰላም ያልኳቸው መሰላቸው። በትህትና ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። ከዚያ የራስ ቁሩን አዩት። ፈጠን ብለው ገቡ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ውሳኔ ላይ ደርሻለሁ። ቅዳሜ የማሳልፈውን ሁሉ ከልቤ አሳልፋለሁ። እንደ አባዬ። ገና ከሩቅ አይቼ፣ ዝግ ብዬ፣ ፈገግ ብዬ። ስሜቴ ሁሉ ተረጋጋ። ሰላም የሰፈነበት ሰው ሆኜ ወደ ቤት ገባሁ።

ኢሜይሌን ስከፍት አዘጋጆቹ የምድባችንን ዝርዝር ልከዋል። የመኪናዎቹ ዓይነት ተጽፏል። እኔም ሰላም የሰፈነብኝ ሴትዮ አንድ በአንድ እያነበብኩ ከኔ መኪና የደከመ ፈለግኩ። ይሄ ያልፈኛል። ይሄም። ይሄማ ድምፁን ሳልሰማው ነው የሚያልፈኝ። ከታች አካባቢ አንዲት አገኘሁ። የእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ማዝዳ ሚያታ። ትንሽዬ፣ ያረጀች፣ ጉልበቷ የኔን መኪና ግማሽ እንኳ የማይሞላ። ደስታዬን ልደብቃችሁ አልችልም። አንድ ሰውማ እቀድማለሁ! ወዲያው ለወንድሜ ጻፍኩለት። ስልክ ባያነሳም እንዲህ ላለው ነገር ይፈጥናል።

መጀመሪያ ረጅም ሳቅ ላከ። ከዚያ ያቺ መኪና ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ብቻ እንደሆነ፣ ቀላል ስለሆነች ኩርባ ላይ ፍሬን ብዙም ሳትነካ እንደምትገባ፣ በየሜዳው ጉልበተኛ መኪናዎችን ስታሳድድ የኖረች መሆኗን አስረዳኝ። እንደዚያ ያለ መኪና ጠብቆ ያቆየ ሰው መንዳት የማይችል ሊሆን እንደማይችልም ጨመረበት።

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?" አልኩት።

"መስኮትሽን ክፈቺ" ብሎ መለሰልኝ።